የፈላ ውሃ ያልነካው ገላ

ሰው ታሞ ሲመጣ ከሰላምታው በፊት ቆዳውን ነው የማየው። ባልደረቦቼ በዚህ ይስቁብኛል፤ «አንቺ ቆዳ ነጋዴ ብትሆኚ ያዋጣሽ ነበር» ይሉኛል። ይሳቁ። ቆዳ አይዋሽም። ሰው ግን ይዋሻል፣ በተለይ ምን ኪኒን እንደዋጠ ሲጠየቅ። በእኛ አገር ኪኒንን እንደ ጨው ከጎረቤት ይበደሩታል። ለአንዱ ጥርስ የታዘዘው ለሌላው ጉልበት ይዋጣል። ከዚያ ገላው ሲነድ «ምንም አልቀመስሁም ሲስተር፣ ላሊበላን!» ብሎ በጻድቁ ስም ይምልልኛል። እኔም እቆጣለሁ። ቁጣዬን የማያውቅ ሰው በአካባቢው ያለ አይመስለኝም፤ አንዳንዱ እኔ ተረኛ መሆኔን ሲሰማ ከበር ይመለሳል አሉ።

ተወልጄ ያደግሁት ላሊበላ ከተማ ነው። በነርስነት የምሠራው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ፣ ገበሬ በሚበዛበት አንድ ጤና ጣቢያ ነው። መድኃኒት ያልተስማማው ገላ ሁሉ አንድ መልክ እንደሌለው ያወቅሁት በትምህርት ቤት ሳይሆን በሰው ላይ ነው።

ከተማ ስሠራ አንድ አስጎብኚ ለጉሮሮው የፔኒሲሊን መርፌ ሊወጋ መጣ። ከዚህ በፊት መርፌ አስቀይሞህ ያውቃል ወይ ብዬ ብጠይቀው «እኔን? እኔ ዐለት ነኝ» አለ። ወግቼው ጥጡን ሳልጥል አንገቱ ላይ ሳማ የለበለበው የመሰለ እብጠት ተነሣ። እሱ እያከከ ይስቃል። እብጠቱ ወደ ደረቱ ወረደ፣ ወደ ጆሮው ወጣ። ሳቁ የቆመው ከንፈሩ ሲወፍርና ድምፁ ሲታፈን ነው። ጭን ላይ የሚወጋውን የአድሬናሊን መርፌ ሱሪውን ለማውለቅ ጊዜ ሳልሰጥ በላዩ ላይ ወጋሁት። ነፍሱ ስትመለስ መጀመሪያ የተናገረው «ሱሪዬን በሳሽው» የሚል ነበር። ዐለቱ ሰውዬ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ሱሪውን ይይዛል።

አንድ ዲያቆን ደግሞ ከታችኛው ከንፈሩ ጥግ ጥቁር ክብ ነበረው። ሆዱን ባመመው ቁጥር የሰልፋ ኪኒን ይውጣል፤ ያቺው ክብ፣ እዚያው ቦታ፣ ትቀላለች፣ ትቆስላለች፣ መልሳ ትጠቁራለች። ሌላ ቦታ አትወጣም። እሱ መተት ነው ብሎ እስከ ነአኩቶ ለአብ ለጠበል ተመላልሷል። ጠበል ሲይዝ ኪኒኑን ስለሚተው ይሻለዋል። እኔ በጠበሉ አልገባሁም፤ ኪኒኑን ብቻ ነው ያስጣልሁት።

ሌላም አለ፤ መድኃኒት ከጀመሩ ከሳምንት በኋላ ገላን ሁሉ እንደ ኩፍኝ የሚያለብስ። ያሳክካል፣ ያስቀይማል፣ መድኃኒቱ ሲተው ይከስማል። የሚያሳክከውን ብዙ አልፈራውም፣ ትንፋሽ ካልነካ። የምፈራው የማያሳክከውን ነው። የሚያቃጥለውን፣ አፍና ዓይን ውስጥ የሚገባውን። ያንን በመጽሐፍ ብቻ ነበር የማውቀው፣ በአንድ የጥቅምት ማለዳ በቃሬዛ ተሸክመው እስኪያመጡልኝ ድረስ።

ዕለቱ የገበያ ቀን አልነበረም፤ ስለዚህ ከአቀበቱ ሥር የሰው ጩኸት ስሰማ ለቅሶ መሰለኝ። ከፊት ቃሬዛ ተሸክመው አራት ሰዎች ይመጣሉ። ከኋላ አንድ ሰው ሁለት እጁን በጠፍር ታስሮ ይጎተታል። ሸሚዙ ደም በደም ሆኗል፣ አንድ ዓይኑ ተከድኗል። አሳሪው ሽመል የያዘ ወጣት ነው፤ በየአሥር እርምጃው ዞሮ ይመታዋል። ከቃሬዛው ጎን ክላሽ ያነገተ ጎልማሳ ይራመዳል። ሁለቱ የታማሚዋ ወንድሞች ነበሩ፤ የታሰረው ባሏ።

«ምን ሆና ነው?» አልሁ።

«ቀቅሏት ነው» አለ ታላቅየው። «የፈላ ውሃ ደፍቶባት ነው። እዪአት እስቲ! እዪአት!»

በላይዋ የተጣለውን ነጠላ ገለጥ አድርጌ አየሁና መልሼ ሸፈንሁት። የአንገቷና የደረቷ ቆዳ ተገሽልጦ ሥጋው ቀይ ሆኖ ይታያል። እውነት ለመናገር እኔም መጀመሪያ የመጣብኝ ያው የፈላ ውሃ ነው። እጄ ባሏን ለመቧጨር በላኝ።

ታላቅየው እየጮኸ ነገረኝ። ከሁለት ቀን በፊት ጎረቤት፣ ባልየው ትልቅ ድስት ውሃ ሲያንተከትክ አይታለች። ቆይታ ደግሞ የሚስቱን ጩኸት ሰምታለች። በማግስቱ ቆዳዋ ተላጠ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

«ምች ነው ብዬ ያጠንኋት ነው» አለ ባልየው ከመሬት። «ዳማ ከሴ አፍልቼ በጋቢ ሸፍኜ...»

ሳይጨርስ ሽመሉ አፉ ላይ አረፈበት። ነገሩ ግን ያለ ነገር ነው። ምች የመታውን ሰው ዳማ ከሴ አፍልቶ፣ ራሱን ሸፍኖ፣ በእንፋሎቱ ማጠን በእኛ አገር ከጥንት ያለ ሕክምና ነው። «ምች መርፌ አይወድም» ይሉና ወደ እኛ ከማምጣታቸው በፊት በድስት ይጨርሱታል።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ለስብሰባ ወጥቶ ነበር። ዘበኛችን ሽማግሌ ናቸው፤ ክላሹን አይተው «ልጄ፣ ይህ የኔ እድሜ ሥራ አይደለም» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። ሴትዮዋን አስገብተው እንዲወጡ ተሸካሚዎቹን አዘዝሁና በሩን ዘጋሁ።

ገና ወጣት ናት። ከንፈሯ በደረቀ ደም ጠቁሮ ተጣብቋል። የዓይኗ ሽፋሽፍት በመግል ተያይዟል። በጨው ውሃ እያራስሁ አፏን ከፈት አደረግሁት፤ ምላሷ፣ ድዷ፣ ላንቃዋ ቆስሏል። እዚህ ላይ ቆምሁ። የፈላ ውሃ የደፋ ሰው ላንቃ ውስጥ አይደፋም። መዳፏን ገለበጥሁት፤ መሐላቸው የጠቆረ፣ ዙሪያቸው የቀላ ክቦች ሞልተውበታል። የእግሯ መርገጫም እንዲሁ። ነጠላው የሚፈትገው ጀርባዋ ላይ ጤነኛ የሚመስለው ቆዳ ተሸብሽቦ ከቦታው ተንሸራቷል።

ይህ ውሃ አይደለም፣ ምችም አይደለም። መድኃኒት ነው፤ የዋጠችው መድኃኒት ከውስጥ እየገፈፋት ነው። መድኃኒቱ ዛሬ ካልቆመ ነገ የቀረውን ቆዳዋን ይዞ ይሄዳል። ለአምቡላንስ ደወልሁ። የግሉኮስ መርፌ የምሰካበት ደኅና ቦታ ፍለጋ ክንዷን ሳገላብጥ ከእሷ ጋር አብሬ አለቀስሁ። ከዚያ ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ ታናሽየው ባልየውን ግንድ ላይ አስሮት ይገርፈዋል። ሰው ቆሞ ያያል። አንዲት ሴት «ዓይኑን! ዓይኑን!» ትላለች። መሐላቸው ገባሁ። ለሱ የተሰነዘረው ሽመል ክንዴ ላይ አረፈና ጣቶቼ ደነዘዙ።

«አንተ የሰይጣን ቁራጭ! ነርስ ትመታለህ?» ብዬ ስጮህ ልጁ ደንግጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እኔ ወደ ባልየው ጎንበስ አልሁ። «ስማኝ። ሚስትህ ኪኒን ትውጥ ነበር። ምን ኪኒን ነው?»

ባንድ ዓይኑ አየኝ። «ምንም አልዋጠችም» አለ።

«አትዋሸኝ!»

«ምንም። ላሊበላን፣ ምንም።»

ሊያድነው የሚችለው አንድ ቃል ነው፣ እሱም ያውቀዋል፤ ማወቁን ከፊቱ አየሁት። በጥፊ ልለው እጄን አንሥቼ ነበር። ከኔ በፊት የመታው ታላቅ ወንድሟ ነው፣ በክላሹ ሰደፍ፣ ትከሻው ላይ። «ሰማሽ?» አለኝ ታላቅየው። «እሱ ራሱ የለም ይላል። አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

ተናድጄ ተመለስሁ። ልብሷን ለማላቀቅ መቀነቷን መፍታት ነበረብኝ፤ እየቆራረጥሁ አወጣሁት። ሴቶች ሳንቲም የሚቋጥሩበት የመቀነቱ ጫፍ ጠንክሮ ታስሯል። ፈታሁት። ሳንቲም አልነበረም። በላስቲክ የተጠቀለለ ኪኒን ነበር፣ ካወቅሁት ብዙ ጊዜ የሆነኝ ኪኒን። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የሚውጠው ነው።

ያን ጊዜ የተላጠ እጇ የኔን እጅ ያዘው። ያማታል፤ እኔ እንኳ በጓንቴ ውስጥ ተሰማኝ። ግን አጥብቃ ያዘችኝ።

«እን... ዳትነግሪ» አለች። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደም ወረደ። «እህቴ... ለጥር...»

ሌላ መናገር አልቻለችም፣ አላስፈለገኝምም። የአገሬን ሰው አውቃለሁ። ልጅ ሊታጭ ሲል ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌው ከመሬቱና ከከብቱ በፊት የሚያጠናው ዘር ነው። ለምጽ አለባቸው ወይ? የሚጥል አለባቸው ወይ? አንዷ ወደቀች ከተባለ የእህቶቿ በር ሁሉ ይዘጋል። የዚህች ሴት ታናሽ እህት ሰርጓ ለጥር ተቆርጦላት ነበር።

ዝርዝሩን ኋላ ስትድን ነው የነገረችኝ። መጀመሪያ የወደቀችው በተጋባች በዓመቷ ነው፣ ባሏ ፊት። እሱ አልሸሸም፣ ወደ ቤተሰቦቿም አልመለሳትም። «ለማንም አልናገርም» ብሎ በመስቀል ማለላት። መውደቁ ሲበዛባት፣ በዚህ ዓመት መስከረም፣ ዘመድ ጥየቃ ነው ብሎ ማንም ወደማያውቃቸው ሩቅ ከተማ ወስዶ አሳከማት። እዚያ ያሉት ኪኒኑን ሰጥተው «አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጪ» አሏት። ሁለቱም ይህን ቃል እንደ ግዝት ያዙት። ትኩሳት ሲይዛትና አፏ ሲቆስል ምች ነው አሉ። እሱ በእንፋሎት እያጠናት፣ እንዳታቋርጥ ብሎ ኪኒኑን በእጁ እየሰጠ ያውጣት ነበር። የጮኸችው እንፋሎቱ የቆሰለ ፊቷን ሲነካት ነው።

ኪኒኑን ኪሴ ውስጥ ከተትሁና «አልናገርም» አልኋት። ከዚህ በኋላ ግን ይህን ኪኒን ዕድሜ ልክሽን እንዳትነኪ አልኋት። እጄን ለቀቀችኝ።

በሩ ተበርግዶ ታላቅየው ገባ። ክላሹ በእጁ ነው።

«ሞተች?»

«አልሞተችም። ና እያት። ና ቅረብ!» አፏን ከፈትሁለት። «ውሃ ከሆነ ላንቃዋን ማን ቀቀለው? መዳፏንስ? የእግሯን መርገጫ?»

አየ።

«እሺ፣ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው። ገላዋ ያልተቀበለው መድኃኒት።»

«የምን መድኃኒት?»

ይቺ ጥያቄ ናት ያልተዘጋጀሁባት። «ስትድን ራሷ ትነግርሃለች» አልሁ።

«መድኃኒት!» አለ። ድምፁ ተለወጠ። በእኛ አገር መድኃኒት የሚያድነውም የሚገድለውም ነው፤ «መድኃኒት አበላት» ማለት መረዛት ማለት ነው። «እንግዲያው አብልቷት ነው የምትይኝ!» ክላሹን አቀባበለ። ወደ በሩ ዞረ። ባልየው ከበሩ ማዶ፣ ከግንዱ ጋር ታስሮ፣ ቀና ብሎ ያየዋል።

በሩ ላይ ቆሜ ልከለክለው አልችልም ነበር። ከሱ ጋር መከራከር ውሃ ወቀጣ ሆነብኝ። አልጋው ላይ ግን አንሶላው ከቁስሏ ጋር እየተጣበቀ ነበር፣ መለወጥም ነበረበት፣ እኔም የቀረኝ አንድ ደኅና እጅ ነው። «ልትገድለው ከሆነ ሂድ ግደለው» አልሁት። «መጀመሪያ እህትህን አንሣልኝ። ብቻዬን አልችልም።»

ክላሹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መጣ። በአንሶላው በኩል ያዝ አልሁት። እሱ ግን ወንድም ነውና አንሶላ አይዝም፤ አዝሎ ያሳደጋት እህቱ ናት፤ እጁን ሰዶ በትከሻዋ ያዛት። ያ ትከሻ ደኅና ነበር። አልቀላም፣ ውሃም አልቋጠረም። እንደማንኛውም ሰው ትከሻ ጠይም ነበር።

ቀና ሲያደርጋት ጮኸች። እጁን ሲያነሣ የትከሻዋ ቆዳ አብሮ ተነሣ። መዳፉ ላይ ቀረ፣ እንደ እርጥብ ወረቀት።

ያየውን ለማመን እጁን ወደ ብርሃኑ አዞረው። የነካት ማንም የለም፣ እሱ ብቻ ነው። ውሃ የለም፣ እሳት የለም። «እኔ ምን አደረግሁ?» አለ። «ሲስተር፣ እኔ ምን አደረግሁ?» እጁን ማራገፍም ፈራ፣ መጨበጥም ፈራ። ትልቅ ሰው ነው፤ ጢሙ ሽበት ጀምሮታል። እንደ ሕፃን ጮኸ።

«ምንም አላደረግህም» አልሁት። «እሱም እንዳንተ ምንም አላደረገም።»

ይህን ገና ተናግሬ ሳልጨርስ ከውጭ እንጨት የተሰበረ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ የባልየው ጩኸት። ታናሽየው የባልየውን እጅ ከግንዱ ፈትቶ ድንጋይ ላይ አስደግፎ «ውሃ የደፋህበት እጅ ይኸው ነው?» እያለ በሽመል ቀጥቅጦታል። ታላቅየው ሮጦ ወጣ። ክላሹን በአፈሙዙ ይዞ በሰደፉ የገዛ ወንድሙን ጀርባ መታው፣ ደገመው፤ ልጁ ወደቀ፣ ከወደቀም በኋላ መታው። የአንድ እናት ልጆች መሬት ላይ ሲተላለቁ አየሁ። አሁን ሰው ለመገላገል ሮጠ፤ ባልየው ሲደበደብ አንዱም እግሩን ያላነሣ ሰው።

አምቡላንሱ ሲመጣ ሁለቱንም ጫንኋቸው፣ ሚስቲቱን በቫዝሊንና በንጹሕ አንሶላ ጠቅልዬ፣ ባልየውን እጁን በካርቶን አስሬ። መንገዱ ድንጋይ ነው። በየጉድጓዱ አንዳቸው ይጮኻል። መሐል ላይ ባልየው በቀሚሴ ጫፍ ጎተተኝ።

«ነገርሻቸው?» አለ።

«አልነገርኋቸውም።»

ያበጠ ዓይኑን ጨፈነ። ሆስፒታል እስክንደርስ አልጮኸም።

ዳነች። ሐኪሞቹ ከዚያ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላኳት፤ በሕይወት ትመለሳለች ብዬ አላሰብሁም ነበር። ለሚጥለው በሽታ ሌላ መድኃኒት ቀየሩላት። በኅዳር መጨረሻ ስትመለስ ገላዋ ቦታ ቦታ ጠቁሮ ቦታ ቦታ ነጥቶ ነበር። ዓይኗ ፀሐይ ስለማይችል ጥቁር መነጽር አድርጋለች። የባሏ እጅ ግን ጠማማ ሆኖ ገጠመ። ጣቶቹ አይታጠፉም። እርፍ የማይጨብጥ ገበሬ ሆነ። በጥቅምት የቀረውን አጨዳ ሌላ ሰው አጨደለት።

ወንድሞቿ ይቅርታ ሊጠይቁ ሽማግሌ ላኩ። ዕርቁ በደብሩ ቅጥር፣ ከዋርካው ሥር ተደረገ። እኔንም ምስክር ሁኚ ብለው ጠሩኝ። የነፍስ አባታቸው መስቀል ይዘው መሐል ተቀምጠዋል። ግራና ቀኝ ሽማግሎች፤ ከነሱም አንዱ ታናሽ እህታቸውን ለልጁ ያጨው ሰው ነበር። ሁለቱ ወንድሞች ጫማቸውን አውልቀው፣ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ አጎንብሰው መጡ። ባልየው ፊት ተንበረከኩ።

«ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ» አለ ባልየው፣ ብዙም ሳያስለምን። በደኅና እጁ ድንጋዩን አወረደላቸው።

«እንዲያው ልጄ» አሉ የነፍስ አባት፣ «ያን ሁሉ ዱላ ስትቀምስ አንዲት ቃል ያልተናገርህ ምን ይዞህ ነው?»

«ቃል ነበረብኝ አባ።»

ሰው ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የሙሽራው አባት ግን ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታው ደግ ነው» አለ። «ግን እኛም ዝምድና ልንገባ ነውና ይጣራ። መድኃኒት በልታ ነው ተባለ። ማን አበላት? ዝም ያለ ሰው ነውር ስላለበት ነው ዝም የሚል። ዛሬ በድንጋይ ብንሸፍነው አገሩ ሚስቱን መድኃኒት ያበላ ሰው ማለቱን አይተውም።»

ባልየው መሬት መሬት ያይ ነበር። ወደ እኔ ዞሩ። «ሲስተር ታውቃለች» አለ አንዱ። እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ። አፌ ውስጥ የነበረውን ቃል እንደ እሳት ፍም አገላበጥሁት፤ አልተናገርሁም። ለባልየው አለቀስሁለት፤ ያ ሰውዬ ያን ያህል ተገርፎ ገና ዛሬም ይገረፋል።

ከሴቶቹ መሐል እሷ ተነሣች። በዕርቅ ላይ ሴት አትናገርም፤ ማንም ግን ተቀመጪ አላላትም፣ ፊቷን አይተው ፈሩ። መነጽሯን አወለቀች። ዓይኗ እንባ በእንባ ሆነ።

«የሚጥለኝ እኔ ነኝ» አለች። «ሦስት ዓመት ሆኖኛል። እሳት ላይ ልወድቅ ስል የያዘኝ እሱ ነው። ኪኒኑን የፈለግሁት እኔ ነኝ። አትናገር ብዬ ያስማልሁት እኔ ነኝ። እጁን የሰበራችሁት የኔን ነውር ጨብጦ ነው።»

ባሏ በእነዚያ ዱላዎች ሥር ያልወጣው እንባ ያን ጊዜ ወጣው። «ለምን ተናገርሽ?» አለ። «ይህን ያህል ችዬው ለምን?» መሬቱን በደኅና እጁ ደበደበ።

የሙሽራው አባት በትሩን ይዞ ተነሣ። ከነፍስ አባት መስቀል ተሳለመና ሌላ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ታናሽ እህቷ ከሴቶቹ ጎን ቆማ ነበር፤ ለሙሽርነት ሹሩባ መሠራት ጀምራለች። እየተራመደች መጣች። ልታቅፋት መሰለኝ፣ ደስም አለኝ። በሙሉ ክንዷ በጥፊ መታቻት። አዲሱ ቆዳ ገና ስስ ነውና አምስቱ ጣት ወዲያው ቀልቶ ወጣ፣ ደምም ነጥቦ ወጣ።

እሷ ፊቷን አልሸፈነችም። «ምቺኝ» አለች። «እህቴ ምቺኝ፣ ሌላውንም ምቺኝ። ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝም።»

እህቷ እጇን ደግማ አነሣች። ባልየው ተነሥቶ መሐላቸው ገባ፣ የማይታጠፍ እጁን ከሚስቱ ፊት ዘርግቶ። ልጅቷ ያንን እጅ አየችው። ብዙ አየችው። ከዚያ እየጮኸች እዚያው እግሩ ሥር ተቀመጠች፣ ሹሩባዋንም በገዛ እጇ መንጨት ጀመረች።